ዩሪያ ቢጨመርም ያልጠፋው አረፋ፦ ንጥረ ምግብና አረፋ ፈጣሪ ባክቴሪያዎች

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ክፍል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። በቀን ወደ 1,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንቀበላለን፤ ቢኦዲው (ባክቴሪያዎች በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ብክለት ለመብላት የሚያስፈልጋቸው የኦክስጅን መጠን) በአማካይ 600 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። አየር ማስገቢያ ገንዳው 2,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሲሆን በውስጡ በሊትር 5 ግራም ገደማ ዝቃጭ፣ ማለትም ፍሳሹን የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች ክምችት፣ አለ። ከነሐሴ ወር ጀምሮ ቡናማ፣ ወፍራምና ቅባት ያለው አረፋ በገንዳው ላይ እየተከመረ መተላለፊያው ላይ እስከ መፍሰስ ደርሷል። «ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅን አንሷቸው ነው» ስለተባለ በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ዩሪያ እንጨምራለን። ሦስት ሳምንት ሆነን፤ አረፋው ግን አልቀነሰም። የሚወገደው ዝቃጭ ተዘርግቶ የሚደርቅባቸው የማድረቂያ አልጋዎቻችን በክረምቱ ስለሞሉ ዝቃጭ የምናስወግደው አልፎ አልፎ ነው፤ በአማካይ ሲሰላ በቀን 150 ኪሎ ደረቅ ዝቃጭ ቢሆን ነው። ንጥረ ምግብ መጨመር አረፋ ፈጣሪ ባክቴሪያዎችን ያበዛል ወይስ ይቀንሳል?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ከነቁጥሮቹ ስላቀረቡት አመሰግናለሁ፤ ያለ እነዚህ ቁጥሮች ልመልስልዎ የምችለው እጅግ ጥቂት ይሆን ነበር።

በአጭሩ ለመመለስ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አረፋ ፈጣሪ ባክቴሪያዎችን ከሌሎቹ ለይተው አያበዙም፣ ለይተውም አያጠፉም። የእነዚህ ባክቴሪያዎች ተመራጭ ምግብ ቅባት ነው፤ ተደላድለው የሚባዙትም ሳይወገድ በቆየ አሮጌ ዝቃጭ ውስጥ ነው። ንጥረ ምግብ ሲያንስ ግን ውኃውን የሚያጠሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ፣ የአረፋ ፈጣሪዎቹም ቅባታም ጠባይ ይበረታል፤ ስለዚህ እጥረቱ አረፋውን ያባብሰዋል። እጥረት በሌለበት ገንዳ ላይ ዩሪያ መጨመር ደግሞ አረፋውን ሳይነካ ሌላ ችግር ያስከትላል። ካቀረቡልኝ መረጃ ተነሥቼ እንደማምነው የእርስዎ ገንዳ ዋና ችግር የናይትሮጅን ማነስ ሳይሆን በክረምቱ ሳይወገድ የተጠራቀመው ዝቃጭ ነው። የሚጎድል ንጥረ ምግብ ካለም ከናይትሮጅኑ ይልቅ ፎስፈረሱን እጠረጥራለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

በአየር ማስገቢያ ገንዳ ላይ የሚታይ አረፋ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ነጭ፣ ቀላልና ነፋስ የሚወስደው አረፋ አብዛኛውን ጊዜ ከማጠቢያና ከማርጠቢያ ኬሚካሎች የሚመጣ የሳሙና አረፋ ነው፤ ማጣሪያው አዲስ ሲጀምር ወይም ዝቃጩ ገና ጥቂት ሲሆን ይታያል። ግራጫማ፣ እንደ ንፍጥ የሚያጣብቅና በእጅ ሲነካ የሚያሙለጨልጭ አረፋ ሲታይ የንጥረ ምግብ እጥረትን መጠርጠር ተገቢ ነው። የእርስዎ ቡናማ፣ ወፍራምና በውኃ ቢረጩት እንኳ የማይበተን አረፋ ግን ሦስተኛው ዓይነት ሲሆን፣ ከጀርባው ብዙውን ጊዜ ጎርዶኒያ አማሬ እና ዘመዶቿ ወይም ማይክሮትሪክስ ፓርቪሴላ የተባለችው ክር መሰል ባክቴሪያ ይገኛሉ። አንዱ አረፋ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ሊመጣ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይህ መደባለቅ የተለመደ ነው።

በአየርና በዝቃጭ ፍሳሽን የማጣራት ዘዴ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ በ1914 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተዘርግቶ ከዚያ በዓለም ሁሉ ቢስፋፋም፣ ይህ ቡናማ አረፋ ራሱን የቻለ ችግር ሆኖ የተመዘገበው ግን በ1969 በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ ማጣሪያ ላይ ነው። ባክቴሪያዋም በ1974 ኖካርዲያ አማሬ ተብላ ከተሰየመች በኋላ ወደ ጎርዶኒያ ወገን ተዛውራለች፤ በቆዩ የሥልጠና ሰነዶች ላይ «የኖካርዲያ አረፋ» የሚል ካጋጠመዎ የሚያወሩት ስለዚችው ነው። የጎርዶኒያ ወገኖች የሕዋስ ግድግዳቸው ማይኮሊክ አሲድ በተባለ ረጅም የቅባት አሲድ የተሸፈነ ስለሆነ ውኃ አይወዱም። ውኃ የማይወድ ነገር ደግሞ የአየር አረፋ ሲያገኝ ከውኃው ሸሽቶ በአረፋው ዙሪያ ይጣበቃል። እርጎ በቅል ሲናጥ የተበታተኑት የቅቤ ጠብታዎች ከአየሩ ጋር እየተገናኙና እርስ በርስ እየተያያዙ ወደ ላይ እንደሚወጡት ሁሉ፣ በገንዳዎ ውስጥም የአየር ማስገቢያው መሣሪያ ሌት ተቀን እየናጠ እነዚህን ባክቴሪያዎች ወደ ላይ ይሰበስባቸዋል። እንዲህ ያለ ጽኑ አረፋ እንዲፈጠር ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ እነርሱም የአየር አረፋ፣ ውኃ የማይወዱ ሕዋሳትና የውኃን የገጽ ውጥረት የሚያላላ ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሦስተኛውን ከማርጠቢያና ከማጠቢያ ኬሚካሎቹ በየቀኑ ስለሚያቀርብ፣ በቤት ፍሳሽ ላይ አረፋ የማይፈጥር የባክቴሪያ ብዛት በእርስዎ ገንዳ ላይ ሊፈጥር ይችላል።

አሁን ወደ ንጥረ ምግቡ ልግባ። ባክቴሪያ የሚበላውን ካርቦን ወደ ሕዋስ ለመለወጥ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያስፈልጉታል፤ ከደረቅ የባክቴሪያ አካል 12 በመቶ ገደማው ናይትሮጅን ሲሆን፣ ፎስፈረሱ የዚህ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በየመማሪያው የምናገኘው «ለ100 ቢኦዲ 5 ናይትሮጅንና 1 ፎስፈረስ» የሚለው ልክ የመጣውም ከዚህ ነው፦ 100 ኪሎ ቢኦዲ 40 ኪሎ ያህል አዲስ ዝቃጭ ይሰጣል ከተባለ፣ የ40 ኪሎ 12 በመቶው 5 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ይህ ልክ ግን ዝቃጩ ወጣት ሲሆን የሚሠራ እንጂ በሁሉም ገንዳ ላይ የሚጸና ሕግ አይደለም። ዝቃጩ ሲያረጅ ባክቴሪያዎቹ እርስ በርስ እየተበላሉ የሞቱት ናይትሮጅን ለሕያዋኑ ስለሚተርፍ፣ ከ100 ኪሎ ቢኦዲ የሚተርፈው ዝቃጭ ወደ 25 ኪሎ ሊወርድ፣ የሚፈለገው ናይትሮጅንም ወደ 3 ኪሎ ሊያንስ ይችላል። ብዙ ባለሙያዎች ይህን ሳያስተውሉ በ5 እያባዙ ከረጢት ሲቆጥሩ ስላየሁ ነው በዚህ ላይ የቆየሁት።

የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ በተፈጥሮው ካርቦን የበዛበትና ንጥረ ምግብ ያነሰበት መሆኑ እውነት ነው። ክሩ እንዲጠነክር የሚቀባው ስታርች ከጨርቁ ሲታጠብ ከፍሳሹ ቢኦዲ ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ ስታርች ደግሞ ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን በቀር ምንም የለበትም። ስለዚህ ኃላፊዎችዎ ናይትሮጅንን መጠርጠራቸው ከምንም የተነሣ አይደለም። በእርግጥ የሠራተኞች መጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከገባ፣ ወይም የኅትመት ክፍሉ በቀለም ሊጡ ውስጥ ዩሪያ የሚጠቀም ከሆነ፣ ጉድለቱ ሳይታሰብ ሊሞላ ይችላል።

እጥረቱ በእውነት ሲኖር ምን ይሆናል? ባክቴሪያዎቹ መብላታቸውን አያቆሙም። ስኳሩ በፊታቸው ሞልቶ ሳለ ፕሮቲን የሚሠሩበት ናይትሮጅን ሲያጡ፣ የበሉትን ካርቦን ወደ አዲስ ሕዋስ መለወጥ ስለማይችሉ ናይትሮጅን ወደማያስፈልገው ነገር ይለውጡታል፤ ከሕዋሳቸው ውጭ የስኳር ሰንሰለት የሆነ ንፍጥ ያመነጫሉ። ዝቃጩ በንፍጡ ተጠቅልሎ ውኃ ይይዛል፣ ዝቃጩ ከተጣራው ውኃ በሚለይበት በማዝቀጫ ገንዳው ውስጥም ለመስረግ እምቢ ይላል። ንፍጡ የአየር አረፋንም አፍኖ ስለሚይዝ ያ ግራጫማ የሚያሙለጨልጭ አረፋ ይፈጠራል። ከዚህ ጋር ክር መሰል ባክቴሪያዎች ዕድል ያገኛሉ። ክር ከጥርቅም (ተያይዘው ከተጠቀለሉ ባክቴሪያዎች) ይልቅ ለመጠኑ ሰፊ ገጽ ስላለው፣ በውኃው ውስጥ ጥቂት ብቻ የቀረውን ናይትሮጅን ወይም ፎስፈረስ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሻማል። ዓይነት 021ኤን እና ቲዮትሪክስ የተባሉት ክሮች ከንጥረ ምግብ እጥረት ጋር ደጋግመው የሚታዩትም በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን በዋናነት ዝቃጩን አላሰርግ የሚሉ እንጂ ቡናማውን አረፋ የሚፈጥሩ አይደሉም፤ በማይክሮስኮፕ ክር ያየ ሰው ሁሉ አረፋ ፈጣሪውን እንዳገኘ አይቁጠር።

ቡናማውን አረፋ የሚፈጥሩት ማይኮሊክ አሲድ ያላቸው ባክቴሪያዎች ለናይትሮጅን እጥረት የሚሰጡት መልስ ከሌሎቹ ይለያል፤ ለጥያቄዎም ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የጎርዶኒያ የቅርብ ዘመድ የሆኑት የሮዶኮከስ ባክቴሪያዎች ካርቦን ሞልቶ ናይትሮጅን ሲያንስባቸው የበሉትን በሕዋሳቸው ውስጥ ቅባት አድርገው ያከማቻሉ፤ ሮዶኮከስ ኦፓከስ በተባለው ላይ ይህ ክምችት ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ሊደርስ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ሮዶኮከስ ኤሪትሮፖሊስ በናይትሮጅን እጥረት ጊዜ ትሬሃሎስ ከተባለ ስኳርና ከቅባት አሲድ የተሠራ ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር በብዛት ያመነጫል። ይህን ሁሉ ከላይ ካልኩት ከሦስቱ ነገሮች ጋር ሲያገናኙት ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የባክቴሪያዎቹ ቁጥር ባይጨምርም እንኳ እያንዳንዱ ሕዋስ ይበልጥ ቅባታም፣ ውኃው ይበልጥ ሳሙናማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር እጥረቱ አረፋውን የሚያባብሰው ባክቴሪያዎቹን በማብዛት ብቻ ሳይሆን ጠባያቸውን በመለወጥ ነው። ማይክሮትሪክስ ደግሞ ኦሌይክ አሲድን የመሰሉ ረጅም የቅባት አሲዶችን ኦክስጅን በሌለበት ጭምር እየሳበች አከማችታ ቆይታ በኋላ የምታድግ ስለሆነች፣ ምግቧን ገና ከመግቢያው ትወስዳለች። የምትበረታው ግን በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ትዳከማለች። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ከመሆኗም ሌላ ከማቅለሚያና ከማጠቢያ ክፍል የሚወጣው ውኃ ትኩስ ስለሆነ፣ በእርስዎ ገንዳ ላይ የማስበው ጎርዶኒያን ነው።

ትርፍ ዩሪያ ሲጨመር የሚሆነውን በዓይኔ ያየሁት ከዓመታት በፊት የማማከር ሥራ እሠራበት በነበረ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ስሙን አልጠራም። እዚያም ቡናማ አረፋ ነበር፣ እዚያም ሳይለካ ዩሪያ ይጨመር ነበር። እኔም በወቅቱ ልኬቱን ሳልጠይቅ «መጠኑን እጥፍ እናድርገውና እንይ» በሚለው ሐሳብ ተስማማሁ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። በአሥር ቀን ውስጥ አረፋው እንዳለ ሆኖ፣ በማዝቀጫ ገንዳው ላይ ደግሞ ሰርጎ የነበረው ዝቃጭ እንደ ተገነጠለ ምንጣፍ ወደ ላይ ይነሣ ጀመር። ምክንያቱ ይህ ነበር፦ ዩሪያው ወደ አሞኒያ፣ አሞኒያው በአሮጌው ዝቃጭ ውስጥ በሞሉት ናይትሬት ሠሪ ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ናይትሬት ተለወጠ፤ ናይትሬቱ ኦክስጅን በሌለበት በማዝቀጫው ወለል ላይ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ተለውጦ ዝቃጩን አንሳፈፈው። የተንሳፈፈው ዝቃጭ ከተጣራው ውኃ ጋር አብሮ ወጣ።

ወጪውም ቀላል አይደለም። አንድ ኪሎ የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ሲለወጥ 4.57 ኪሎ ኦክስጅን ይወስዳል፤ በቀን 10 ኪሎ ናይትሮጅን ቢተርፍ አየር ማስገቢያው 46 ኪሎ ያህል ኦክስጅን ያለ ጥቅም ማቅረብ አለበት። በገንዳው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከ2 ሚሊ ግራም በሊትር እየወረደ ሲሄድ ደግሞ ዝቅተኛ ኦክስጅን የሚስማማቸው ሌሎች ክሮች ይከተላሉ። የተረፈው ናይትሬት ከማጣሪያው ወጥቶ መድረሻው የቦርከና ወንዝ ነው፤ ከኮምቦልቻ በታች ወደ ጨፋ ሜዳ የሚወርደውን ይህን ውኃ ለመስኖና ለከብት የሚጠቀሙት ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸውና ይህን ከሒሳባችን ውጭ ልናደርገው አይገባም።

አሁን የእርስዎን ቁጥሮች እንመልከት። 1,000 ሜትር ኩብ በ600 ሚሊ ግራም ሲባዛ በቀን 600 ኪሎ ቢኦዲ ነው። በገንዳው ውስጥ 2,000 ሜትር ኩብ በ5 ግራም 10,000 ኪሎ ዝቃጭ አለ፤ በቀን የሚወገደው 150 ኪሎ ከሆነ የዝቃጩ ዕድሜ፣ ማለትም ዝቃጩ በገንዳው ውስጥ በአማካይ የሚቆይበት ጊዜ፣ 67 ቀን ገደማ ይሆናል። ይህ እጅግ ረጅም ነው። በዚህ ዕድሜ ላይ የሚፈለገው ናይትሮጅን ከሚወገደው 150 ኪሎ ዝቃጭ 12 በመቶው፣ ማለትም 18 ኪሎ ነው፤ ዝቃጩን በሙሉ እንደ ሕያው ስላሰብኩት እውነተኛው ከዚህም ያነሰ ሊሆን ይችላል። አንድ ከረጢት ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 23 ኪሎ ይሰጣል። እንግዲህ በፍሳሹ ውስጥ አንዳች ናይትሮጅን የለም ብለን ብንነሣ እንኳ የሚጨምሩት ከሚያስፈልገው ይበልጣል። የሚያስፈልገው ፎስፈረስ ደግሞ የ18 አንድ አምስተኛ፣ 3.6 ኪሎ ሲሆን፣ ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት ፎስፈረስ የሚባል ነገር ጨምራችሁ አታውቁም። ፎስፈረስ ያጣ ባክቴሪያም ናይትሮጅን እንዳጣው ሁሉ ንፍጥ ያመነጫል፤ ናይትሮጅን ቢትረፈረፍለትም የጎደለውን አይተካለትም። ዩሪያው ምንም ያልፈየደበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ልኬት ከመደረጉ በፊት ግን ምንም እንዲጨምሩ አልመክርም። የሚለካው የሚገባው ፍሳሽ ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያዎቹ በልተው የተረፈው ነው። ከአየር ማስገቢያ ገንዳው መውጫ ላይ ናሙና ወስደው ወዲያውኑ በማጣሪያ ወረቀት ያጥሩት፤ ካልተጣራ በዝቃጩ አካል ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተደርቦ ያሳስትዎታል፤ ሳይጣራ ከቆየ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ በጠርሙሱ ውስጥ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። በተጣራው ውኃ ውስጥ የአሞኒያና የናይትሬት ናይትሮጅን ድምር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም በሊትር፣ የኦርቶፎስፌት (በውኃ የሟሟ፣ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሚወስዱት) ፎስፈረስ ደግሞ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም በሊትር ሆኖ ከተገኘ እጥረት የለም ማለት ነው። አሞኒያን ብቻ ለክቶ «ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ናይትሮጅን የለም» ማለት በአሮጌ ዝቃጭ ላይ ትልቅ ስሕተት ነው፤ አሞኒያው ሁሉ ናይትሬት ሆኖ ሊሆን ይችላልና። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ዩሪያ ራሱ በአሞኒያ መለኪያ ላይ አይታይም፤ በባክቴሪያ ኢንዛይም ተሰባብሮ አሞኒያ እስኪሆን ሰዓታት ይፈልጋል። ስለዚህ ከረጢቱ ከገባ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተወሰደ ናሙና ስለዚያ ከረጢት ምንም አይናገርም።

ይህም ወደ አጨማመሩ ያመጣኛል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በአንድ ጊዜ የሚደፋ ዩሪያ ከሰዓት በፊት ያለውን ውኃ ያጠግብና ሌሊት የሚመጣውን ባዶ ያስቀረዋል። የስታርች ማጠቢያው የሚለቀቅበት ሰዓት ማታ ከሆነ፣ በቀኑ አማካይ ላይ እጥረት ሳይኖር በየሌሊቱ እጥረት ይፈጠራል፤ ክሮቹም ከዚያች ጥቂት ሰዓት ይጠቀማሉ። ማዳበሪያውን በበርሜል አሟምቶ በትንሽ ቧንቧ ቀኑን ሙሉ ማንጠብጠብ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው። ልኬቱ ፎስፈረስ እንደሚጎድል ካሳየ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ሊያገለግል ይችላል። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን ሲኖረው፣ በፎስፈረስ ኦክሳይድ የተጻፈው 38 በመቶ ወደ ንጹሕ ፎስፈረስ ሲለወጥ 16.6 በመቶ ገደማ ነው፤ ከረጢቱ ላይ ያለውን 38 እንዳለ ወስደው ካሰሉ ከግማሽ በታች ይጨምራሉ። በዚህ ሒሳብ 3.6 ኪሎ ፎስፈረስ ለማግኘት 22 ኪሎ ኤንፒኤስ ያስፈልጋል፤ እርሱ 4 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ ስለሚመጣ የቀረውን 14 ኪሎ ለመሙላት 30 ኪሎ ዩሪያ ይበቃል። ይህ የላይኛው ጣሪያ ነው፤ በፍሳሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ከዚህ ይቀነሳል። የማይሟሟው ደለል ቧንቧ እንዳይዘጋ አስቀድሞ ማስረግ ይገባል። ከኤንፒኤሱ የሚገባው ድኝ ለማቅለሚያ ከሚውለው ሶዲየም ሰልፌት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ አያሳስብዎ።

ነገር ግን ይህን ሁሉ በትክክል ቢያደርጉም ዝቃጩ 67 ቀን እየቆየ ቡናማው አረፋ ይጠፋል ብዬ አልነግርዎትም። ጎርዶኒያ በዝግታ የምታድግ ባክቴሪያ ስለሆነች ዝቃጩ በቶሎ ሲወገድ አብራ እየወጣች ትመነምናለች፤ ሲቆይ ግን በየቀኑ ትጠራቀማለች። ማድረቂያ አልጋዎቹ በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው ዝቃጭ ማስወገድ ሲቆም፣ አረፋው በነሐሴ መጀመሩ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። አሁን ዝናቡ ስላባራ አልጋዎቹን አስጠርገው ማስወገዱን ይጀምሩ። በአንድ ቀን እጥፍ ከማድረግ ይልቅ በየቀኑ ከአሥር በመቶ ባልበለጠ እየጨመሩ በቀን ከ350 እስከ 400 ኪሎ ያድርሱት፤ በገንዳው ያለው ዝቃጭ ወደ 5,000 ኪሎ፣ ማለትም በሊትር ወደ 2.5 ግራም ሲወርድ በቀን ወደ 210 ኪሎ ይመልሱት፤ ዕድሜው 24 ቀን አካባቢ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ዝቃጩ ወጣት ስለሚሆን የናይትሮጅን ፍላጎቱ ከ18 ወደ 25 ኪሎ፣ የፎስፈረሱም ወደ 5 ኪሎ እንደሚያድግ ያስተውሉ። ዝቃጭ ማስወገድና ንጥረ ምግብ መመጠን አንድ ሥራ ናቸው የምለው ለዚህ ነው፤ ዝቃጩን ቀንሰው ንጥረ ምግቡን ባሉበት ቢተዉት፣ ዛሬ የሌለው እጥረት ከወር በኋላ ሊመጣ ይችላል። ለሚቀጥለው ክረምት ቢያንስ ግማሹን አልጋ በቆርቆሮ ጣሪያ ማስከደን ከየትኛውም ኬሚካል የበለጠ ያገለግልዎታል።

በገንዳው ላይ የተከመረውን አረፋ በውኃ መትተው ወደ ውስጥ ለመመለስ አይድከሙ። አረፋው ውስጥ ያሉት ጎርዶኒያዎች በታችኛው ውኃ ካሉት እጅግ የበዙ ስለሆኑ መመለስ ዘር መዝራት ነው። ከላይ ተገፎ በቀጥታ ወደ ማድረቂያ አልጋ መሄድ አለበት፤ ከማዝቀጫው የሚገፈፈውም ወደ መግቢያው እንዳይመለስ ቧንቧውን ይመርምሩ። የቅባቱን ምንጭም ይፈልጉ። ጥጥ በተፈጥሮው ሰምና ቅባት ስላለው በኮስቲክ ሶዳ ሲቀቀል ይህ ሁሉ ወደ ፍሳሹ ይገባል፤ ለማለስለሻ የሚጨመሩ ቅባት አዘል ኬሚካሎችም እንዲሁ። እነዚህን ማስቀረት አይቻልም። የሠራተኞች ምግብ ቤት የወጥ ቅባት ግን በአንዲት የቅባት ማስቀሪያ ጉድጓድ ሊገታ ይችላል፤ ጉድጓዷ ካለችም መጨረሻ የጸዳችበትን ቀን ይጠይቁ።

በማይክሮስኮፕ ሁለት ነገር እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው የግራም ቀለም ነው፤ በማንኛውም የጤና ላቦራቶሪ የሚሠራበት ያው ቀለም ነው። ከአረፋው ላይ ተወስዶ ሲቀለም ሐምራዊ፣ አጫጭርና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈሉ ክሮች ከታዩ ጎርዶኒያና ዘመዶቿ ናቸው፤ ሐምራዊ ሆኖ ያልተከፋፈለና እንደተወሳሰበ ክር የተጠማዘዘ ከሆነ ማይክሮትሪክስ ናት። ሁለተኛው የቻይና ቀለም ነው። አንድ ጠብታ ዝቃጭ ከአንድ ጠብታ ጥቁር ቀለም ጋር ሲደባለቅ፣ ጤናማው ጥርቅም ውስጥ ቀለሙ ዘልቆ ይገባል፤ ንፍጥ የበዛበት ከሆነ ግን ቀለሙ ሊገባበት ያልቻለ ሰፊ ነጭ ቦታ ይታያል። ይህ ነጭ ቦታ ከታየ ፎስፈረሱም ከ0.5 በታች ከተገኘ እጥረቱ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ኤንፒኤሱን ያን ጊዜ ይጀምሩ። ነጭ ቦታው ከሌለ ደግሞ የንጥረ ምግቡን ነገር ትተው ሙሉ ትኩረትዎን ለዝቃጩ ይስጡ።

እስከዚያው ዩሪያውን ለአንድ ሳምንት አቁመው፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓትና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከላይ በጠቀስኩት መንገድ ናሙና እየወሰዱ አሞኒያን፣ ናይትሬትንና ኦርቶፎስፌትን ይለኩ። በሳምንቱ መካከል የናይትሮጅኑ ድምር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ሳምንቱ እስኪሞላ ሳይጠብቁ ግማሽ ከረጢት በበርሜል አሟምተው ቀኑን ሙሉ እያንጠባጠቡ ይመልሱት። አረፋውን የሚገፍፉት ሠራተኞች ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ አቅሙ የተዳከመን ሰው ሳንባ ሊያሳምሙ ይችላሉ፣ መተላለፊያውም እጅግ ያንሸራትታል። በአረፋው ላይ የሚታይ ለውጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ባይታይ የዝቃጭ ማስወገዱን እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ። የሳምንቱን ልኬት ከነሰዓቱና የሁለቱን ስላይድ ውጤት ሲልኩልኝ መጠኑን አብረን እናስተካክላለን።